መጽሐፉን ልቀጥል ወይስ ወደ 4ኛ ክፍል ልመለስ? ለአንዲት የ7ኛ ክፍል ሒሳብ መምህርት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ ውስጥ የ7ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ሦስት ሴክሽን አለኝ፣ በእያንዳንዱ 58 ተማሪ። በሳምንት አምስት ክፍለ ጊዜ፣ አንዱ 40 ደቂቃ። የመጀመሪያውን ቴስት ሳርም ግማሽ ሲደመር ሲሶ ሁለት አምስተኛ ነው ብለው የጻፉት ከግማሽ በላይ ናቸው። ኔጌቲቭ ቁጥር ስጀምር ደግሞ ጭራሽ ተዘበራረቀ። ልጆቹ መሠረት የላቸውም፤ ስድስት ዓመት ምን ሲማሩ እንደከረሙ አይገባኝም። መጽሐፉን አቁሜ ከ4ኛ ክፍል ጀምሬ ልከልስላቸው አስባለሁ። ርዕሰ መምህሩ ግን “ሽፋን፣ ሽፋን” ይሉኛል። ባልደረባዬ ደግሞ “ጎበዞቹን ከፊት፣ ሰነፎቹን ከኋላ አስቀምጪና ለጎበዞቹ አስተምሪ” ይለኛል። ካልኩሌተር ብፈቅድላቸውስ? እውነቱን ለመናገር ሰነፎቹ እነሱ ይሁኑ ወይስ እኔ፣ ግራ ገብቶኛል።»

ምላሽ፦ ወደ 4ኛ ክፍል አይመለሱ። መጽሐፉን ይቀጥሉ፤ ከእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ ግን 10 ደቂቃ ቆርጠው አራት ቀዳዳዎችን ብቻ ይድፈኑ። የትኞቹ አራት እንደሆኑ እመጣበታለሁ። ከዚያ በፊት «መሠረት የላቸውም» ያሉትን ማንሣት አለብኝ።

ሁላችንም እንለዋለን። የ9ኛው መምህር የ8ኛውን፣ የ8ኛው የ7ኛውን፣ እርስዎ የ6ኛውን፣ የ1ኛ ክፍል መምህርት ደግሞ እናትየውን ትወቅሳለች። ቃሉ ያሳስታል። ቤት ከሆነ መሠረቱ ካልወጣ ግድግዳው አይቆምም፤ ሒሳብ ልጅ ጭንቅላት ውስጥ እንዲያ ተደርድሮ አይቀመጥም። አንዱን ቦታ አሳምሮ ያውቃል፣ አጠገቡ ያለው ጉድጓድ ነው። እናቱ ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥ አንድ ተማሪ ነበረኝ። ሰሌዳው ላይ 60 × 3½ ጻፍኩለት። ጠመኔውን ይዞ ትንሽ ቆመና 180½ ብሎ ጻፈ። «ወሪያ፣ ሽንኩርት ኪሎው 60 ብር ነው፤ ሦስት ኪሎ ተኩል ስጠኝ፣ ስንት ልክፈል?» አልኩት። ጠመኔውን እንኳ ሳያስቀምጥ «ሁለት መቶ አሥር» አለ፤ ቀጥሎም «ፌስታል ለብቻ ነው ቲቸር» ብሎ ክፍሉን አሳቀው። ይህ ልጅ መሠረት የለውም ይባላል? የሰሌዳው ቁጥርና የቀፊራው ቁጥር ለእሱ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ነበሩ። የኔ ሥራ ማስተዋወቅ ነበር።

እርስዎ ያሰቡትን ክለሳ እኔም በወጣትነቴ አድርጌዋለሁ። የአንደኛውን ሴሚስተር ግማሽ ለ4ኛና ለ5ኛ ክፍል ትምህርት አዋልኩት። የሚችሉት ሰለቹ። የማይችሉት ያንኑ ሕግ ለሦስተኛ ጊዜ ሰምተው ለሦስተኛ ጊዜ ረሱት። ሰኔ ሲደርስ ሁለት ምዕራፍ ሳልነካ ቀርቻለሁ፤ በቀጣዩ ዓመት እነዚያ ሁለት ምዕራፎች ለ8ኛ ክፍል መምህሩ «መሠረት የላቸውም» ሆነው ደረሱት። ቀዳዳ ልደፍን ገብቼ አዲስ ቀዳዳ ከፍቼ ወጣሁ።

አሁን ወደ ቴስትዎና ወደ መጀመሪያው ቀዳዳ፣ ወደ ክፍልፋይ። ከ58 ልጅ ከግማሽ በላዩ 2/5 ብሎ ከጻፈ ስንፍና አይደለም። ስንፍና ባዶ ወረቀት ነው፣ ወይም ከጎን የተገለበጠ፣ ወይም አፍ እንዳመጣ የተጻፈ ቁጥር። ሠላሳ ልጅ ሳይነጋገር አንድ የተሳሳተ መልስ ላይ ከደረሰ ሠላሳውም አንድ ሐሳብ ተከትሏል ማለት ነው። ሐሳቡም ይሄ ነው፦ ክፍልፋይ ማለት በመስመር የተለያዩ ሁለት ቁጥሮች ናቸው፤ ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ጋር ደምር። ከየት አመጡት? ከማባዛት። ክፍልፋይ ሲባዛ ላዕል በላዕል፣ ታህት በታህት ይሠራል፤ ትክክል ተብሎም ታርሞላቸዋል። ልጁ የሠራለትን መንገድ ነው የደገመው።

ይህን «የጋራ ታህት ፈልጉ» የሚለውን ሕግ በአራተኛ ቀለም በመጻፍ አያድኑትም። ሕጉን ሰምተውታል። ያልሰሙት 1/2 ራሱ አንድ ቁጥር መሆኑን፣ መጠን እንዳለውና ከሌላ ቁጥር ጋር ሊወዳደር እንደሚችል ነው። ስለዚህ ሰዓት ይውሰዱ። ግማሽ ሰዓት ስንት ደቂቃ ነው? 30። ሲሶ ሰዓትስ? 20። አንድ ላይ 50። አሁን 2/5 ሰዓት ስንት ደቂቃ እንደሆነ ያስሏቸው፤ 24 ይመጣል። «እንግዲህ ባጃጅ ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ፣ ከዚያ ሌላ 20 ደቂቃ ጨመርኩ፣ በጠቅላላው የጠበቅኩት 24 ደቂቃ ነው» ይበሉና ዝም ይበሉ። ማስረዳት አያስፈልግም፤ ከኋላ ወንበር የሆነ ልጅ «ኧረ አቦ!» ማለቱ አይቀርም። 50 ደቂቃ ከ60 ስንት ነው ብለው ወደ 5/6 ያምጧቸው። ሩብና ሁለት አምስተኛ ይስጧቸው፦ 15 እና 24፣ 39 ከ60፣ ሲቃለል 13/20። ሁለት ሦስት ቀን በደቂቃ ይደምሩ። ከዚያ ሆነ ብለው ሰባተኛ ያምጡባቸው፤ 60 ለ7 አይካፈልም፣ ሰዓቱ እምቢ ይላል። ልጁ «እና አሁን ምን ልከፋፍል?» ሲል የጋራ ታህት የሚባለው ነገር ለምን እንደተፈለገ ገባው ማለት ነው። ሕጉን ያኔ ይጻፉት።

በነገራችን ላይ ክፍልፋይን በእንጀራ ማስተማር የቆየ ልማድ ነው፤ እኔ አልወደውም። እንጀራ እኩል እኩል ተቆርሶ የሚበላበት ቤት አላጋጠመኝም፤ እኩል መሆን ደግሞ የክፍልፋይ ነፍሱ ነው። ከደብተር የተቀደደ ረጅም ወረቀት ማጠፍ ይሻላል፤ ዋጋ የለውም፣ 58ቱም በእጃቸው ይሠሩታል። አስርዮሽም ላይ ያው በሽታ ነው፤ 35 ከ7 ስለሚበልጥ 0.35 ከ0.7 ይበልጣል ይሏችኋል። ቀድሞ በብርና በሳንቲም ይድን ነበር፤ የዛሬ ልጅ ሳንቲም በእጁ ይዞ አያውቅም። የከተማችን የታይዋን ገበያ የጨርቅ ሜትር ይሻላል፦ 0.7 ሜትር 70 ሳንቲ ሜትር፣ 0.35 ሜትር 35። በዚህ አልዘገይም።

ሁለተኛው ቀዳዳ ኔጌቲቭ ቁጥር ነው፤ እዚህ ላይ ግን እዘገያለሁ፤ «ጭራሽ ተዘበራረቀ» ያሉት ትክክል ስለሆነና ጥፋቱ በአብዛኛው የኛ የመምህራኑ ስለሆነ። ክፍል ውስጥ በዜማ የምናስደግመው አንድ ነገር አለ፦ «ኔጌቲቭና ኔጌቲቭ ፖዘቲቭ»። ሲባዛ ነው፣ ሲካፈል ነው፤ ዜማው ግን ይህን አይናገርም። ልጁ (−3) + (−5) ሲያይ ሁለት ኔጌቲቭ አየ፣ ዜማው መጣለት፣ +8 ብሎ ጻፈ። እኛ ቀይ መስመር እናሰምርበታለን። የታዘዘውን ነው ያደረገው! ማባዛት እስኪደርሱ ይህን ዜማ ከክፍልዎ ያስወጡት። ሌላ መምህር አስተምሯቸው ከመጡም «ይህ ለመደመር አይሠራም» ብለው ሰሌዳው ጥግ ላይ ይጻፉና ወር ሙሉ ሳያጠፉ ያቆዩት።

ለመደመር የዱቤ ደብተር ይበቃል። ትናንት የ3 ብር፣ ዛሬ የ5 ብር ዱቤ ወስደሃል፤ ሒሳብህ ስንት ላይ ነው? ዕዳው 8 መሆኑን የማያውቅ የድሬ ልጅ የለም። ይህ የልጅ ማታለያ እንዳይመስልዎ፤ ህንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ብራህማጉፕታ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ628 የነዚህን ቁጥሮች ሕግ ሲጽፍ «ሀብት» እና «ዕዳ» እያለ ነበር። አውሮፓ ውስጥ ግን እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ከዜሮ የሚያንስ ቁጥር ትርጉም የለውም፣ ከሒሳብ ይውጣልን የሚሉ የተማሩ ሰዎች ነበሩ። ለእነሱ ከሺህ ዓመት በኋላ እንኳ ያልተዋጠላቸውን የ13 ዓመት ልጅ በሁለት ሳምንት ካልዋጠው አይገረሙ።

መቀነስ ነው ከባዱ። ከዜሮ በታች የወረደ ብርድ ምሳሌ አድርጎ ማቅረብ ለኛ ከተማ አይሆንም፤ ግንቦት ላይ እንኳን ዜሮ፣ 20 ዲግሪም ይናፈቃል። ከፍታ ይጠቀሙ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ላይ ናት፤ ሐረር ወደ 1,900 ገደማ። ደንገጎን ወጥተን ሐረር ስንገባ ስንት ሜትር ከፍ አልን? 1,900 − 1,200፣ 700። ሁሉም ይመልሰዋል። ቀጥለው ወደ ጅቡቲ ይውረዱ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ከደረሰ ወዲህ ጅቡቲ ለድሬ ሰው ጎረቤት እንጂ ሩቅ አገር ሆና አታውቅም፤ አጎቱ ወይ አክስቱ እዚያ ያልሠራ ልጅ ጥቂት ነው። እዚያ አሳል የሚባል የጨው ሐይቅ አለ፤ ከባሕር ወለል 155 ሜትር በታች፣ በአፍሪካ ዝቅተኛው የየብስ ቦታ። ከአሳል ዳርቻ ተነሥተን ድሬ ለመድረስ ስንት ሜትር እንወጣለን? ልጆቹ መጀመሪያ 155 ወጥተን ባሕር ወለል፣ ከዚያ 1,200፣ በድምሩ 1,355 ይላሉ። አንድም ሕግ ሳይነገራቸው። አሁን ከሐረሩ ጥያቄ ሥር እንደዚያው አድርገው ይጻፉት፦ 1,200 − (−155) = 1,355። ጥያቄው ያው ነው፤ ላይኛው ሲቀነስ ታችኛው። ሁለቱ የመቀነስ ምልክቶች መደመር የሆኑበት ምክንያት ዓይናቸው ሥር ነው፣ በዜማም አልመጣም።

ለማባዛት ረድፉን ይጻፉ፦ 3 × (−5) = −15፣ 2 × (−5) = −10፣ 1 × (−5) = −5፣ 0 × (−5) = 0። በየደረጃው በ5 ይጨምራል። ቀጣዩ (−1) × (−5) ስንት ይሁን? ረድፉ ራሱ 5 ይላል። ባለሱቁ ሁለት የ5 ብር ዱቤ ሰረዘልህ ብለው በደብተሩም ሊያሳዩ ይችላሉ። የዱቤውን ምሳሌ ከዚህ በላይ አይጎትቱት፤ ዕዳን በዕዳ ማካፈል ወዘተ. ውስጥ ከገቡ ከልጆቹ በፊት እርስዎ ይጠፋሉ።

ሦስተኛው ቀዳዳ እኩል ምልክት ነው፤ ብዙ መምህር ቀዳዳ መሆኑንም አያውቅ። ነገ ጠዋት ይህን ሰሌዳ ላይ ይጻፉ፦ 8 + 4 = □ + 5። ሳጥኑ ውስጥ ምን ይግባ? መልሱ 7 ነው፤ ከክፍልዎ ብዙው 12 ይላል፣ አንዳንዱ 17። ለእነሱ «=» ማለት «እዚህ ጋ መልስ ጻፍ» ማለት ነው፤ ግራና ቀኙ እኩል ነው ማለት አይደለም። በዚህ ላይ እኛ «ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል» የሚለውን እንጨምርበታለን። x + 7 = 12 ላይ ደህና ያስኬዳል። 3x = 12 ሲመጣ ልጁ 3ን ያሻግርና ምልክቱን ቀይሮ x = 12 − 3፣ 9 ነው ይላል። የደቻቱን ወንዝ የተሻገረ ሰው ስሙ አይቀየርም፤ ቁጥርም እኩል ምልክት ስለተሻገረ ብቻ ምንም አይሆንም። የሆነው ነገር ከሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ሥራ መሠራቱ ነው፦ ከሁለቱም 7 ተቀነሰ፣ ሁለቱም ለ3 ተካፈሉ። ባለሁለት ሰሃን ሚዛን ይሣሉ፤ የቀፊራ ልጅ አንዱን ሰሃን ብቻ ነክቶ ሚዛን እንደማይቆም በደንብ ያውቃል። በእርስዎ ክፍል «ሲሻገር» የሚለው ቃል ቢያንስ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ አይነገር። የምመክርዎ ብቻ ሳይሆን የምለምንዎ ነው።

አራተኛው የማባዛት ሠንጠረዥ። «እስከ 10 በቃል አጥኑ» ከተባለ ልጁ መቶ ነገር ታዝዟል፣ አይጀምረውም። ቁጥሩን እናሳንስለት። የ1፣ የ2፣ የ5 እና የ10 ብዜቶችን ብዙው ያውቃል። የሚቀሩት 3፣ 4፣ 6፣ 7፣ 8፣ 9 እርስ በርስ ሲባዙ ነው፤ 6 × 8 እና 8 × 6 አንድ ስለሆኑ ጠቅላላው 21 ብቻ ይሆናል። በሳምንት ሦስት ከተያዘ ሰባት ሳምንት። ሃያ አንዱን በትልቅ ወረቀት ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉ፤ በየሳምንቱ የተያዙትን ሦስቱን ይሸፍኑ። ሌሎቹን ቀና ብሎ አይቶ መሥራት ነውር አይደለም። 7 × 8 ስለጠፋው ብቻ ልጅ የዕለቱን ትምህርት ማጣት የለበትም።

10 ደቂቃው ከየት ይመጣል? ኖት ከማስገልበጥ። ባለፈው ሳምንት ስንት ደቂቃ ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ፣ እነሱ ሲገለብጡ እንዳለፈ በሐቀኝነት ይቁጠሩት። መጽሐፍ ለየልጁ ካልደረሰ ምሳሌውን ብቻ ያስጽፉ፤ ትርጓሜና መግለጫ በሙሉ አያስፈልግም። በሳምንት አምስት ጊዜ 10 ደቂቃ በስድስት ሳምንት 300 ደቂቃ ነው፤ ሰባት ክፍለ ጊዜ ተኩል ማለት ነው፣ ከሽፋኑም አንድ ገጽ አልነካችሁም። ለርዕሰ መምህሩ የሚነግሩት ይህንኑ ስሌት ነው። «ልከልስ» ካሏቸው ይከለክላሉ፤ ሳምንታዊ ዕቅድዎ ላይ «የመጀመሪያው 10 ደቂቃ፦ የስህተት ማስተካከያ» ብለው ጽፈው፣ የምዕራፉን ቀን ሳያዛንፉ ካቀረቡላቸው የሚከለክሉበት ምክንያት የላቸውም። ሽፋን ማለታቸውም ከንቱ አይደለም፤ የ8ኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና እነዚህን ልጆች ይጠብቃቸዋል።

እርማቱ ሌላው ጉዳይ ነው። የሁሉንም ደብተር ለማረም አይነሡ። 174 ደብተር፣ ለአንዱ ሁለት ደቂቃ እንኳ ቢሰጡ 348 ደቂቃ ነው፤ ስድስት ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ይተዉታል፣ አውቃለሁ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ከደወሉ አራት ደቂቃ በፊት፣ በቁራጭ ወረቀት አንድ ጥያቄ ብቻ ያሠሯቸው። ማርክ አይስጡት። ወረቀቱን እንደ ካርታ መጫወቻ ይደልድሉት፦ የመለሱ እዚህ፣ 2/5 ያሉ እዚያ፣ ሌላ ነገር የጻፉ ሦስተኛ ክምር። ለአንዱ አሥር ሰከንድ ቢፈጅ 174ቱ በ29 ደቂቃ ያልቃሉ። የነገው 10 ደቂቃ የሚሠራበትን ትልቁ የስህተት ክምር ይነግርዎታል። ምርጫ ጥያቄ ለዚህ ሥራ አይጠቀሙ፤ አራት አማራጭ ያለው 40 ጥያቄ ላይ ምንም የማያውቅ ልጅ በግምት ብቻ 10 ሊያገኝ ይችላል፣ ለምን እንደተሳሳተም አይነግርዎትም።

ስለ ባልደረባዎ ምክር፦ አያድርጉት። ከኋላ የተደረደረ ልጅ ከመቀመጫው ውጤቱን ያነባል፤ በኅዳር የተሰጠውን ቦታ ሰኔ ላይ ያጸድቀዋል። «አንድ ለአምስት» ካላችሁ እሱን ይጠቀሙበት፤ ግን እንደተለመደው መሪው ሠርቶ አራቱ እንዳይገለብጡ። ቡድኑ ከጨረሰ በኋላ ሰሌዳ ላይ የሚወጣው መሪው አይሁን፤ እርስዎ በዘፈቀደ የጠሩት ይሁን። ካላስረዳ የቡድኑ ሥራ እንዳላለቀ ይቆጠር። ከሁለት ሳምንት በኋላ መሪዎቹ ራሳቸው መምህር ይሆናሉ፤ ተጨንቀው ያስረዳሉ።

ሒሳብ ያልሆነ ሒሳብ የሚመስል ችግርም አለ። ክፍልዎ ውስጥ ቤቱ ኦሮምኛ ወይ ሶማሊኛ የሚናገር ልጅ መኖሩ አይቀርም። የዐረፍተ ነገር ጥያቄ ሲሆን ሁለት ደቂቃ በፈለጉት ቋንቋ ይነጋገሩበት፤ ክፍሉ ይንጫጫል፣ ይንጫጫ። አማርኛው ራሱ ለአማርኛ ተናጋሪውም ወጥመድ አለው። «በ3 ይበልጣል» እና «3 እጥፍ ነው» አንዱ መደመር፣ አንዱ ማባዛት ነው፤ ብዙው ልጅ አይለያቸውም። «5 ከአንድ ቁጥር ሦስት እጥፍ ላይ ሲቀነስ 16 ይሆናል» ቢሏቸው በተነበበው ቅደም ተከተል 5 − 3x ብለው ይጀምራሉ። 3x − 5 = 16 ለማለት መጀመሪያ «ከምን ላይ ነው የሚነሣው?» ብሎ መጠየቅን ያስለምዷቸው።

ይህ ሁሉ የማይደርስባቸው ልጆች ይኖራሉ። ከ58ቱ አራት አምስት ይሆናሉ ብዬ እገምታለሁ። 403 ላይ ያለው 4 ስንት ነው ሲሏቸው «አራት» የሚሉ፣ ከ1,000 ላይ 1 ቀንሱ ሲባሉ የሚጠፋባቸው። እነዚህን በ10 ደቂቃ አያድኗቸውም፤ በዚህም ራስዎን አይውቀሱ። የሳምንቱ አምስት ክፍለ ጊዜ 200 ደቂቃ ነው፤ ለ58 ሲካፈል ለአንዱ በሳምንት ሦስት ደቂቃ ተኩል እንኳ አይሞላም። ለእነሱ ማጠናከሪያ ትምህርት ያስፈልጋል፤ በሳምንት ሁለት ቀን ከትምህርት ሰዓት ውጭ፣ አምስት ልጅ ብቻ፣ በቁጥር ቤት ላይ ብቻ። እርስዎ ካልቻሉ ስማቸውን በጽሑፍ ለርዕሰ መምህሩ ያስረክቡ፤ በቃል የተነገረ ይረሳል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ያረጋግጡ፦ ሰሌዳው ይታያቸዋል? እኔ ዓመት ሙሉ «ደካማ» ያልኳት ልጅ 6ን 8 እያለች ትገለብጥ ነበር። ስሌቷ በሙሉ ትክክል ነበር፣ የተሳሳተው ጥያቄው ነው። መነጽር ካደረገች በኋላ ይቅርታ ለመጠየቅ ድፍረት ያገኘሁት ሁለተኛው ሳምንት ላይ ነው።

ሰነፎቹ እነሱ ናቸው ወይስ እኔ ላሉት፦ ሁለታችሁም አይደላችሁም። ቀድሞ 5ኛ እና 6ኛ ከ7ኛ እና 8ኛ ጋር አንድ ሳይክል ነበሩ፤ አሁን መካከለኛ ደረጃ ራሱን ችሎ ተለይቷል። ልጁ 6ኛን ጨርሶ ሲሻገር በየት በኩል እንደሳተ የሚነግርዎ ሰው አብሮት አይመጣም። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ከ6ኛ ክፍል መምህራን አንዱን ቡና ይጋብዙ፤ ለወቀሳ ሳይሆን «ክፍልፋይን በምን ምሳሌ ነው የምታስተምሩት?» ለማለት። እሱ በእንጀራ፣ እርስዎ በሰዓት ከሆነ ልጁ የማን ክፍልፋይ ውስጥ እንዳለ አያውቅም።

ካልኩሌተር። የግድግዳው ሠንጠረዥ ይበቃል፤ የሞባይል ካልኩሌተር ክፍል ውስጥ አይግባ። ካልኩሌተር 1 ÷ 2 + 1 ÷ 3 ሲሉት 0.8333333 ይላል፤ 2/5 ብሎ የጻፈው ልጅ ያን ቁጥር አይቶ መሳሳቱን አያውቅም፣ ምክንያቱም 0.8333333 ከ2/5 ይብለጥ ወይ ይነስ ገና አልለየም። አራቱ ቀዳዳዎች ሲደፈኑ፣ 8ኛ ክፍል ላይ፣ መልሱን ቀድሞ ገምቶ በካልኩሌተር የሚያረጋግጥ ልጅ ካገኙ ያኔ ይፍቀዱለት።